በሦስተኛው ፎቅ ላይ ስለሚዘለለው ዝላይ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24
ቦታ፦ ኒሽ ከተማ፣ የአፓርታማው መግቢያ ቁጥር ሁለት ነዋሪዎች ልብስ ማስጫ ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ04 ደቂቃ

ስብሰባው ከዚህ ቀደም ብሎ ያልተጠራው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሕንፃው የዕረፍት ጊዜ ስለሆነና በዚያ ሰዓት መጨቃጨቅ በደንቡ ስለተከለከለ ነው። አራቱ ደቂቃ የባከነው ሁሉም ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ሲወርድ ነው። ሊፍቱ ከፋሲካ ጀምሮ አይሠራም።

የተገኙ፦

1. አቶ ዴሲሚር፣ የታችኛው ወለል ነዋሪ፣ ሰብሳቢ። የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሲሆን፣ ፊሽካቸውን ይዘው ተገኝተዋል።

2. ወይዘሮ ቩኮሳቫ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አቤቱታ አቅራቢ። የጸሐፊው ወለል የእሳቸው ጣሪያ ነው።

3. ወይዘሮ ራዶይካ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጸሐፊው ባለቤት። በደንቡ መሠረት አንድ ቤት ያለው አንድ ድምፅ ነው፤ የቤቱን ድምፅ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው።

4. አቶ ሚሎያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። የመጡት ቁጥር ለመሙላት ብቻ መሆኑ እንዲታወቅላቸው ጠይቀዋል፤ ታውቆላቸዋል።

5. ቲሆሚር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመሬት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ዕድሜ 56። ክብደቱ በራሱ ጥያቄ አልተመዘገበም። ጸሐፊ ነው፤ ድምፅ የለውም። ተከሳሹም እሱ ነው። ተከሳሽ የራሱን ክስ ይጽፋል ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ ሌላ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው በመግቢያው ስለሌለ ይጽፋል ተብሏል።

ያልተገኙ፦ ወይዘሮ ፔርሲዳ ከአንደኛ ፎቅ፣ ፍል ውሃ ስለሄዱ። አጀንዳው ሳይነገራቸው "የሚነሳውን ሁሉ እቃወማለሁ" የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጥፈው ሄደዋል። የአምስተኛ ፎቅ ቤተሰብ ቪየና ስለሚኖር በኦገስት እንጂ አይገኝም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስድስት ቤት አራት ስለተገኘ ተሟልቷል። ሰብሳቢው ከአራቱ አንድ ሰው ሽንት ቤት እንኳ ቢሄድ ጉባኤው እንደሚፈርስ አስታውቀዋል። ይህን ሲናገሩ አቶ ሚሎያ በሩን ሁለት ጊዜ አይተዋል።

የነገሩ መነሻ፦ ጸሐፊው ከሴፕቴምበር መጀመሪያ አንሥቶ "በሠላሳ ቀን አዲስ ሰው" የሚባል የቤት ውስጥ ስፖርት ፕሮግራም በቴሌቪዥን እያየ ይሠራል። የምትመራው ክሴኒያ የምትባል ወጣት ስትሆን፣ እየዘለለች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች፤ ላብ የሚባል አልፈጠረባትም። ዛሬ ሃያ አራተኛው ቀን ላይ መድረስ የነበረበት ጸሐፊ የሚገኘው አሥራ አንደኛው ላይ ነው። አራተኛውን ቀን አሥራ አራት ጊዜ ደጋግሞታል፤ ወድዶት ሳይሆን መጨረስ አቅቶት ነው።

አጀንዳ 1፦ ከጣሪያ ስለሚወርደው ድምፅ

ወይዘሮ ቩኮሳቫ ቆመው ተናግረዋል። ባለፈው ቃለ ጉባኤ የአንድ ሰዓት ንግግራቸው "ቅሬታ አላቸው" ተብሎ በሁለት ቃል መጻፉን አስታውሰው፣ ዛሬ በቃላቸው እንዲመዘገብ ጠይቀዋል። በመሆኑም፦

"ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ድው! 'እግዜር ይይልህ' ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። ድው! ድው! መብራቴ ይወዛወዛል። ያ መብራት የእናቴ ነው፤ ሁለት ጦርነት አሳልፎ አንድ የመስታወት ጠጠር አልረገፈበትም። ቲሆሚርን ግን እንጃ! ለመሆኑ አንተ ሰውዬ ከምን ላይ ነው የምትወርደው? ከቁም ሣጥን ላይ?"

ጸሐፊው የሚነሳው ከወለሉ እንደሆነና ከፍታውም በክሴኒያ አነጋገር "አንድ መጽሐፍ ያህል" ብቻ እንደሆነ አስረድቷል። አቶ ሚሎያ መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቀዋል። ወይዘሮ ራዶይካ ባለቤታቸው ከፍ ብሎ መዝለሉ ሐሰት እንደሆነ፣ እሳቸው ያዩት መውረዱን ብቻ እንደሆነ መስክረዋል። ጸሐፊው ምስክሯ ለማን እንደቆሙ ጠይቆ፣ ለእውነት ተብሏል።

ሰብሳቢው ጉዳዩ በባቡር ሥራ የተለመደ መሆኑን ገልጸዋል። አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር እንደማይሄድ ሁሉ ዝላይና እንቅልፍ በአንድ ሰዓት አይሄዱም፤ ስለዚህ ወይዘሮ ቩኮሳቫ ሲተኙ በረንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ሲነሱ አረንጓዴ ጨርቅ እንዲሰቅሉ ሐሳብ አቅርበዋል። ወይዘሮ ቩኮሳቫ ተኝተው ጨርቅ እንዴት እንደሚሰቅሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው በእሳቸው ዘመን ለዚህ የሚመደብ ሰው እንደነበረ ተናግረዋል።

ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ወይዘሮ ቩኮሳቫ የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረቡ። "እኔ ክፉ ጎረቤት አይደለሁም። ይዝለል! ሰው ጤናውን ይጠብቅ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አይውረድ።"

ውሳኔ 1፦ ጸሐፊው እንዲዘልና እንዳይወርድ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። ድምፀ ተአቅቦው የአቶ ሚሎያ ነው፤ "ወደ እኔ ወለል ሊመጣ ነው" የሚል ስጋት አላቸው። ጸሐፊው የአፈጻጸም ማብራሪያ ጠይቆ፣ ልጅቷን ጠይቃት ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ ስለ መስኮቱና ስለ ሽውታ

ክሴኒያ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ "መስኮት ክፈቱ፣ ንጹሕ አየር ይግባ" ትላለች። ጸሐፊው ይህን ሲያስታውቅ ጉርምርምታ ተነስቷል። ወይዘሮ ራዶይካ ልጅቷ እናት አላት ወይ ብለው ጠይቀዋል። ወይዘሮ ቩኮሳቫ በላብ ላይ ያረፈ ሽውታ ኩላሊትን፣ ወገብንና ጥርስን እንደሚይዝ፣ የሟች ባለቤታቸውም አንገት የተጣመመው በአንድ የተከፈተ የአውቶቡስ መስኮት ምክንያት እንደሆነ አስረድተዋል።

አቶ ሚሎያ ነገሩ በሥራቸው ላይ የተሰነዘረ ስለመሰላቸው ተነስተዋል። በእሳቸው አውቶቡስ ውስጥ በጁላይ ቃጠሎ እንኳ መስኮት የከፈተ ሰው በሌሎቹ ተሳፋሪዎች እጅ ከሚቀጥለው ፌርማታ በፊት እንደሚወርድ አረጋግጠዋል። ካልተቀመጡ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚያጠራጥር ተነግሯቸው ተቀምጠዋል።

ጸሐፊው መስኮት ዘግቶ ሲሠራ የክፍሉ መስታወት ሁሉ በላቡ እንደሚደፈን፣ በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ክሴኒያ ራሷ በጉም ውስጥ እንደምትጠፋና ከዚያ በኋላ የሚሠራው በግምት እንደሆነ ተናግሯል። ወይዘሮ ቩኮሳቫ ግምቱን ከታች ሆነው እንደሚሰሙት ገልጸዋል።

ውሳኔ 2፦ መስኮቱ እንዲከፈት፣ ነፋሱ በገባበት መስኮት ተመልሶ እንዲወጣ፣ ወደ ሌላ ክፍል እንዳይሻገርም ወይዘሮ ራዶይካ ብርድ ልብስ ዘርግተው በር ላይ እንዲቆሙ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ በድስት ውስጥ ስለተገኘው ነጠላ ጫማ

ማስረጃው በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። ግራ እግር፣ ቁጥር 44፣ ቀድሞ ቡናማ፣ አሁን ቀይ።

ጸሐፊው እንዲህ አስረድቷል። ክሴኒያ የስፖርት ጫማ አድርጉ ትላለች፤ በእሱ ቤት ግን የውጭ ጫማ ከበር አልፎ አያውቅም። ካልሆነ ባዶ እግር ትላለች፤ በባዶ እግር ወለል የረገጠ ሰው በእሱ ቤት እንደ በሽተኛ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሕጉን ሁሉ አክብሮ በነጠላ ጫማ ሠርቷል። ባለፈው ቅዳሜ ወይዘሮ ራዶይካ ገበያ ሄደው ስለነበር መስኮቱን በድፍረት ከፍቶ፣ እግርን ወደ ፊት መወርወር የሚለውን ክፍል ጀመረ። እግሩ በወገቡ ልክ ላይ ቆመ። ጫማው ግን ክሴኒያ ያለችውን ፈጽሞ በመስኮቱ ወጣ።

በዚያ ሰዓት ሰብሳቢው ግቢው ውስጥ የክረምት አይቫራቸውን፣ ማለትም የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ ድልሃቸውን፣ በትልቁ ድስት ያማስሉ ነበር። ጫማው ሲገባ አላዩም፤ ፊታቸውን አዙረው ከአቶ ሚሎያ ጋር ስለ መኪና ማቆሚያ ይከራከሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አማስለዋል። ሁለት ጊዜ ቀምሰው "ዘንድሮ ልዩ ወጣ" ብለዋል። ለወይዘሮ ቩኮሳቫም በማንኪያ አቅምሰዋቸው፣ እሳቸው ምን እንደጨመሩበት ጠይቀው ነበር።

ሰብሳቢው በዚህ አጀንዳ ባለጉዳይ ስለሆኑ ከወንበራቸው ይነሱ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ወንበሩ ከቤታቸው የመጣ የግል ወንበራቸው ስለሆነ አልተነሱም። አቶ ሚሎያ "ጋሽ ዴሲሚር፣ እኔ ላይ ሲጮሁ አይደል እንዴ የገባው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይሄ ነው!" በማለታቸው ፊሽካ ተነፍቶባቸዋል።

ውሳኔ 3፦ ጸሐፊው ነጠላ ጫማዎቹን በሲባጎ ከቁርጭምጭሚቱ ጋር እንዲያስር፣ ሰብሳቢውም ድስታቸውን እንዲከድኑ ተወስኗል። የተቀመሰው አይቫር ምን ይሁን የሚለው ጉዳይ፣ ሁሉም ከቀመሱት በኋላ የተነሳ ስለሆነ ታልፏል።

አጀንዳ 4፦ ክብደት ሆነው ስላገለገሉት ጠርሙሶች

ወይዘሮ ራዶይካ ከባለቤታቸው ጎን ተነስተው ከጉባኤው ጎን ከተቀመጡ በኋላ ቀጣዩን አመልክተዋል። ፕሮግራሙ በሁለት እጅ ክብደት አንሡ ሲል፣ ጸሐፊው ከጓዳ ሁለት ጠርሙስ አይቫር አንስቷል። ባለፈው ሰኞ እጆቹን ወደ ላይ እንደዘረጋ የቀኙ ጠርሙስ ክዳን ላልቶ ሁሉም በራሱ ላይ ተደፋ። እሳቸው ወጥ ቤት ነበሩ። ዝላዩ ድንገት ስለቆመባቸው ሮጠው ሲገቡ ባለቤታቸው ከፀጉሩ እስከ ደረቱ ቀይ ሆኖ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ጸሐፊው በወቅቱ "ደም አይደለም፣ አይቫር ነው" ማለቱን ለመከላከያው አቅርቧል። ወይዘሮ ራዶይካ ይህን ያለው እሳቸው ጮኸው ከጨረሱ በኋላ መሆኑን፣ ከዚያም አስከትሎ "ጨው ይጎድለዋል" ማለቱን ገልጸዋል። "ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ!" ብለው መሐረባቸውን አውጥተዋል። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ያዘኑት ለአይቫሩ መስሎት፣ አንድ ጠርሙስ እተካለሁ ብሏል።

አቶ ሚሎያ ከስብሰባው መጀመሪያ አንስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዳቸው እጃቸውን አውጥተዋል። ሰውየው ክብደት ከፈለገ ክብደት ሞልቷል፤ የእሳቸው እናት ብቻ ከገጠር ስልሳ ጠርሙስ ልከዋል፤ ሊፍት የለም፤ ማስቀመጫው ያለው ምድር ቤት ነው። "ክሴኒያ ከዚህ የተሻለ ምን ልትሰጠው ነው?"

ውሳኔ 4፦ የመግቢያው ነዋሪዎች ሁሉ የክረምት ስንቅ በጸሐፊው ጀርባ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ተወስኗል። ጸሐፊው ጭብጨባው በቃለ ጉባኤ እንደማይመዘገብ ገልጾ ነበር። ተመዝግቧል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ፊሽካ ሊነፉ ሲሉ ወይዘሮ ቩኮሳቫ አንድ ነገር መቅረቱን ተናግረዋል። ዝላዩ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እሱን ለምደውታል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ የልጅቷም ድምፅ ይቀራል። ድውድውታው ግን ሌላ አሥር ደቂቃ ይቀጥላል። ይህ አሥር ደቂቃ ምንድን ነው?

ጸሐፊው ሰውነት ማቀዝቀዣ ነው ብሏል።

"ቲሆሚር!" አሉ ወይዘሮ ቩኮሳቫ። "እኔ በፋብሪካው የባህል ቡድን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨፍሬአለሁ። ከጣሪያዬ የሚመጣውን አውቃለሁ። ያ ኮሎ የሚባለው ጭፈራችን ነው። ያውም የተበላሸ ኮሎ!"

ጸሐፊው ይህ አንቀጽ እንዳይመዘገብ ጠይቋል። ጥያቄው በአራት ድምፅ ውድቅ ሆኗል፤ ከአራቱ አንዱ የራሱ ቤት ነው። ሰብሳቢው ምክንያቱን እንዲያስረዳ አዘውታል። ጸሐፊው ራሱ ተናግሮ ራሱ እንደሚከተለው መዝግቧል።

ልጁ ዱንያ ኦክቶበር 11 ቀን ታገባለች። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል። ሠርጉ ላይ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ኮሎ ሲጨፍር ከፊት ሆኖ የሚመራው የሙሽራዋ አባት ነው። ባለፈው ሜይ በወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ ጸሐፊው ኮሎ መርቶ ነበር። የመራው አንድ ዙር ነው። ሁለተኛው ላይ ትንፋሹ አልቆ የሙዚቀኞቹ ከበሮ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ኮሎው እሱን ትቶ ሄደ። ይህ የተቀረጸበት ቪዲዮ ዘመድ በሙሉ ዘንድ ደርሷል፤ ቪየና ድረስ ሄዷል። ጸሐፊው ራሱ ሃያ ጊዜ ያህል አይቶታል፤ መጨረሻው ግን ያው ነው።

በኦገስት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ወጥ ቤት በር አጠገብ ቆሞ ሚስቱና ልጁ ሲነጋገሩ ሰማ። "ኮሎውን አጎቴ ስሬቴን ይምራው፤ አባዬ ይረፍ" ተባለ። አቶ ስሬቴን የወይዘሮ ራዶይካ ወንድም ናቸው። ለመዝናናት ተራራ የሚወጡ፣ ለምሳ ግብዣ በጠባብ ቁምጣ የሚመጡ ሰው ናቸው። ጸሐፊው በሩን ሳይከፍት ተመለሰ። በማግሥቱ ፕሮግራሙን ጀመረ።

ጸሐፊው በልጁ ሠርግ ከዳቦ ቅርጫቱ አጠገብ ተቀምጦ ማጨብጨብ እንደማይፈልግ ተናግሯል። እዚህ ላይ ድምፁ ስለተሰበረ ሰብሳቢው ውሃ እንዲሰጠው አዘዋል። ውሃ ስላልነበረ የፕሪም አረቄ ተሰጥቶታል። ለተቀሩትም እንደዚሁ።

ከዚያ ወይዘሮ ራዶይካ ስሬቴንን ያሰቡት እሳቸው እንጂ ልጅቷ እንዳልሆነች ተናግረዋል። በቃላቸው እንዲመዘገብ አልጠየቁም፤ ጸሐፊው ግን መዝግቧል።

"አባትህ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው በሠርግ ድንኳን ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ጨፍረው መጥተው፣ 'ራዶይካ፣ ትንሽ ልረፍ' አሉኝ። እኔ ነኝ ወንበሩን የሳብኩላቸው። አይቫሩ ምኔ ነው አንተ ሰው! ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ድውድውታህን እቆጥራለሁ። ድው ሲል ተመስገን እላለሁ። ዝም ሲል ነው ልቤ ቀጥ የሚለው።"

ጸሐፊው ይህን ቆጠራ እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር። ጽፎ ለመጨረስ ጊዜ ስለወሰደበት ጉባኤው ጠብቆታል።

ወይዘሮ ቩኮሳቫ የአረቄ ብርጭቋቸውን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተነስተዋል። አቤቱታቸውን ሊያነሱ መስሎ ነበር። ያነሱት ግን ቀሚሳቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

"ይሄን ሰውዬ የሚገድለው ኮሎው አይደለም፤ ዝላዩ ነው። ማነው ኮሎ ይዘለላል ያለህ? ያቺ ልጅ ናት? ኮሎ አይዘለልም የኔ ጌታ! እግርህን ከወለሉ የምታነሳው ከሥሩ ወረቀት እንዲያልፍ ያህል ነው። ወደ ቀኝ ሁለት፣ ከዚያ እዚያው በቦታህ ትንቀጠቀጣለህ። አያቴ በሰማንያ ዓመቷ ድንኳን እስኪፈርስ ትጨፍር ነበር። ልቧ ብርቱ ስለሆነ መሰለህ? ሰነፍ ስለሆነች ነው!"

ይህን ብለው በሲሚንቶው ላይ ሠርተው አሳይተዋል። ጉባኤው ጆሮውን ጣለ። የተሰማ ነገር የለም።

ጸሐፊው ሃያ አራት ቀን ሙሉ፣ ያለ መዝለል የሚጨፈረውን ጭፈራ ለመቻል ሲዘል መክረሙን በዚህ ቃለ ጉባኤ አምኗል። የመሬት መዝገብ ቤት ሰው ነው፤ ሌላው ሰው የተሳሳተ ካርታ ይዞ ሲመጣ ይስቅ ነበር።

ወይዘሮ ቩኮሳቫ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንዲነሳ አዘዋል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ይቋረጣል ብሎ ተቃውሟል። ወይዘሮ ራዶይካ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስደው ፀጉራቸው ውስጥ ሰክተውታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ከስብሰባው በኋላ፣ በማስታወስ ነው።

ሰልፉ እንዲህ ነበር። ከፊት ጸሐፊው። ቀጥሎ ወይዘሮ ቩኮሳቫ፣ ከዚያ ወይዘሮ ራዶይካ፣ ከዚያ አቶ ሚሎያ። አቶ ሚሎያ እግራቸው ፍሬን ላይ እንጂ ጭፈራ ላይ እንዳልሠለጠነ ቢገልጹም ምልዓተ ጉባኤው እንዳይፈርስ ተይዘዋል። ጭራው ላይ ሰብሳቢው። ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ምቱን ይሰጡ ነበር፤ ትንሽ የሚፈጥነው ወደ ቤልግሬድ የሚሄደው ባቡር ስለሚመስላቸው ነው። የሚዞሩት መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ የተጋደመውን ቀይ ነጠላ ጫማ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ያለ ችግር አልቋል። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ለመዝለል ቃጥቶት ወይዘሮ ቩኮሳቫ በክንዳቸው ወደ ታች ስበውታል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጸሐፊው የከበሮውን ሣጥን አስታውሷል። ድውድውታ ስላልነበረ ወይዘሮ ራዶይካ የሚቆጥሩት ነገር አጡ። ከወይዘሮ ቩኮሳቫ ትከሻ በላይ አንገታቸውን አስግገው "አለህ?" አሉ። "አለሁ" አለ ጸሐፊው። ትንሽ ቆይተው ደግመው "አለህ?" "አለሁ።" እንዲህ እየተባባሉ ሦስተኛው ዙር ገብቷል።

በሦስተኛው ዙር ወይዘሮ ቩኮሳቫ ሳይቆሙ የውሳኔ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው በፊሽካ ተቀብለዋል።

ውሳኔ 5፦
ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጸሐፊው መውረድ ይችላል፤ ነገር ግን መዝለል ስለተወ የሚወርድበት ምክንያት የለም። መስኮቱ እንደ ቀድሞው ተዘግቶ ይቀመጥ። ሲባጎው ይፈታ፤ ጫማው ታጥቦ ለባለቤቱ ይመለስ። ክሴኒያ በክብር ትሰናበት። ጠርሙሶችን ማውረዱም ቀርቶ እንደሆነ አቶ ሚሎያ ከሰልፉ መሀል ጠይቀው፣ ቀርቷል ሲባሉ ለአንድ ዙር ከምት ወጥተዋል። ወይዘሮ ራዶይካ ለወንድማቸው ደውለው ጭራውን እንዲይዙ ይንገሯቸው። እስከ ሠርጉ ድረስ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወይዘሮ ቩኮሳቫ በልማድ መንቃታቸው ካልቀረ፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ያስተምሩ።

ስብሰባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ተዘግቷል። ሰዓቱ የተወሰደው ከሰብሳቢው የእጅ ሰዓት ሲሆን፣ ለማየት ያልቆሙ በመሆናቸው አንድ ሁለት ደቂቃ ሊሳሳት ይችላል። የተዘጋው በአምስተኛው ዙር ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

የድምፅ ውጤት፦ ተቃውሞ አንድ፣ በወይዘሮ ፔርሲዳ በር ላይ የተለጠፈው። ድጋፉን መቁጠር አልተቻለም። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ እጃችን ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ ነበር፣ የለቀቀም አልነበረም።

ጸሐፊ፦ ቲሆሚር